የፊት ክንፍ ጉዳይ፦ ፊቱን ሲጨምሩለት ኋላው ለምን ይሸሻል?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ዲኤስ ቤት ገብቼ ፎርሙላ 1 እያየሁ ነበር። ማየት ከተባለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ትልቁ ስክሪን ላይ ኳስ ያያል፤ እኛ አራት ልጆች ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ቲቪ ከበን ቁጭ ብለናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

አንዱ መኪና ጎማ ሊቀይር ሲገባ ሠራተኛው የፊት ክንፉ ላይ ረጅም መፍቻ ነገር ሰክቶ ዞር ዞር አደረገና ወጣ። አጠገቤ ያለው ልጅ «ንፋስ እየሞሉት ነው» አለ። ሳቅንበት። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የክንፉን ጋድሞሽ፣ ማለትም ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ እያስተካከሉ እንደሆነ የገባኝ።

አሁን ጥያቄዬ ይኼ ነው። ክንፉ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ሲጫነው ጎማው መሬቱን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። እሺ። ታዲያ ሹፌሩ ራሱ በሬዲዮ «ከፊት ክንፍ ቀንሱልኝ» ብሎ የሚለምነው ለምንድነው? ጥሩ ነገር ቀንሱልኝ የሚል ሹፌር በሕይወቴ አላየሁም።

ቡና በቅቤ፦
የየትኛው ዲኤስ ቤት ነው ፎርሙላ የሚከፍተው? እኛ ሰፈር ብትጠይቀው ባለቤቱ በጥፊ ነው የሚልህ።

የጅሬን ልጅ፦
ስሙን ከነገርኩህ ያቺን ትንሿን ቲቪም ታሳጣኛለህ። ይቅርብህ።

ኪቶ ሜካኒካል፦
ጥያቄው ጥሩ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚስተው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የውድድር መኪና ክንፍ የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ነው። ከላዩ የሚሄደው አየር ቀስ ይላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ከሥሩ የሚያልፈው ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ልዩነቱ ክንፉን ወደ መሬት ይስበዋል። ዳውንፎርስ የሚባለው ይኼ ነው። ከፍጥነት ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ተራ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

መፍቻው የሚያዞረው የክንፉን የኋለኛ ክፍል ነው፣ ፍላፕ የሚሉትን። ቀና ሲል ብዙ ይጫናል፣ ጋደም ሲል ትንሽ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መኪናው አንድ እግር የለውም፣ ከፊት ሁለት ከኋላ ሁለት ነው። ዋናው ጥያቄ ስንት ኪሎ ተጫነ አይደለም፤ ስንቱ ፊት ላይ፣ ስንቱ ኋላ ላይ አረፈ ነው። አየሩ የሚጫንበትን ኃይል ሁሉ ሰብስበን አንድ ቦታ ላይ ብናስቀምጠው የሚያርፍበት ነጥብ የግፊት ማዕከል ይባላል። ይህ ነጥብ መኪናው የራሱን ክብደት ከሚሸከምበት ነጥብ ብዙ መራቅ የለበትም። ወደ ፊት ከሸሸ የፊት ጎማ አፈር ይቆነጥጣል፣ ኋላው ግን ይቀላል። ጥምዝ ላይ በ250 ሲገባ ጭራው ይወጣል። ኦቨርስቲር ማለት ነው። ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ መሪው ይዞራል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንደርስቲር።

ስለዚህ ሹፌሩ «ቀንሱልኝ» ሲል ጉልበት አልፈልግም ማለቱ አይደለም። «ኋላዬን አላምነውም» እያለ ነው። በውድድሩ መሃል የኋላ ጎማዎቹ እያለቁ ሲመጡ ይኼ ስሜት ይብሳል። ለዚህ ነው ጎማ ሲቀይሩ ፍላፑንም ነካ የሚያደርጉት።

ጊቤ ማዶ፦
ወንድሜ ጥሩ አስረድተሃል፤ ግን አልተዋጠልኝም። ኋላው ከቀለለ የኋላውን ክንፍ መጨመር ነዋ። ሁለቱንም ጥግ አድርሶ መገላገል አይቻልም?

ኪቶ ሜካኒካል፦
በመጀመሪያ እህትህ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ክንፍ በነፃ አይጫንም። ባቀናኸው ቁጥር አየሩን ይቃወማል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ፍጥነት ይበላል። ሞንዛ የሚባለው የውድድር ሜዳ ረጃጅም ቀጥታ መንገድ ስላለው ቡድኖቹ ክንፉን እንደ ቢላ ያቀጥኑታል። ሞናኮ ጠባብና ጠምዛዛ ስለሆነ ያላቸውን ሁሉ ይጭናሉ። የኋላ ክንፉ ባብዛኛው በሜዳው ጠባይ ነው የሚመረጥ። የፊቱ ከዚያ በኋላ ነው እየተነካካ የሚመጣጠነው። ደግሞ ውድድር መሃል የኋላ ክንፍ ጋ መፍቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው የለም፤ በሁለትና ሦስት ሴኮንድ የሚደረሰው የፊቱ ነው።

ጊቤ ማዶ፦
ይቅርታ እህቴ። «ሜካኒካል» የሚለውን አይቼ ነው።

ኪቶ ሜካኒካል፦
እሱማ ሁሉም እሱን አይቶ ነው።

የድሮ ሹፌር፦
እኔ ፎርሙላ የሚባለውን አላይም፤ ልጄ ነው ይኼን ያሳየኝ። ግን አንድ ነገር ልበል። 22 ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ፤ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭኜ ወደ አዲስ አበባ። ጫኝ ልጆች ሰነፍ ሲሆኑ ጆንያውን ከኋላ ይቆልሉታል። ከኋላ እግሩ ውጭ፣ ጭራው ላይ። ያን ቀን መሪው እንደ ላባ ነው። ዳገት ሲሆንማ ፊቱ መሬት የነካም አይመስልህ። ጥምዝ ላይ ታዞረዋለህ፣ እሱ ግን ወደፈለገበት። ወደ ጊቤ የሚወርደውን ቁልቁለት በእንዲህ ያለ መኪና የወረደ ሰው መቼም አይረሳውም። እናንተ በፈረንጅ አፍ የምትሉት ይኼንኑ አይደለም ወይ?

ኪቶ ሜካኒካል፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሁለት ገጽ የፈጀሁበትን እርስዎ በአንድ ጆንያ ጨረሱት።

ያው ነው፤ እንዲያውም ከምሳሌም በላይ ነው። ጆንያው ከኋላ እግሩ ውጭ ሲንጠለጠል ኋላውን ብቻ አይጫንም፤ የኋላውን እግር እንደ ድጋፍ ተጠቅሞ ፊቱን ያነሳል። የፊት ክንፍም ይኼንኑ ተገልብጦ ይሠራል። ከፊት ጎማው ቀድሞ ነው የተንጠለጠለው። እስከ 2025 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምለው) በነበረው ሕግ በፊትና በኋላ እግር መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ 3.6 ሜትር ነው። ክንፉ ከፊት እግሩ 90 ሴንቲ ቀድሞ ይጫናል ብለን እናስላ። ክንፉ ላይ 20 ኪሎ ብንጨምር ፊቱ ላይ የሚደርሰው 25 ኪሎ ነው። ትርፉ 5 ኪሎ ከየት መጣ? ከኋላው ተነስቶ።

ለልጁ ጥያቄም የተሻለው መልስ ይኼ ነው። ፊቱ ላይ 450፣ ኋላው ላይ 550፣ በድምሩ 1,000 ኪሎ የሚጫን መኪና አለ እንበል። 45 በመቶው ፊት ነው። ያቺን 20 ኪሎ ስትጨምር ፊቱ 475 ኋላው 545 ይሆናል። ወደ 46.6 በመቶ ዘለለ። ትንሽ ትመስላለች አይደል? በዚያ ፍጥነት ግን 1 በመቶ ሲዛነፍ ሹፌሩ ወገቡ ላይ ነው የሚያውቀው።

ልዩነቱን ግን ልንገርዎት ጋሼ። የእርስዎ ጆንያ ቆሞም ሲሄድም ያው ክብደት ነው። ፍሬን ሲይዙም ይገፋል፣ ሲታጠፉም ወደ ውጭ ይጎትታል። የአየሩ ጭነት ግን ጎማውን ይጫናል እንጂ መታጠፍ የሚጠይቅ ክብደት የለውም። መኪናው ሲቆም እሱም የለም። ኬላ ላይ የማይመዘን ጭነት ነው።

የድሮ ሹፌር፦
ኬላ ላይ የማይመዘን ጭነት! ድሮ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት።

ሂርማታ፦
ጋሼ ገደሉኝ 😂

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ጓደኛዬ ቪትዝ አለው። ኋላው ላይ ትልቅ ክንፍ አስገጠመ። ብየዳ፣ ቀለም፣ ምናምን ብሎ ብዙ ብር አወጣ። ሲነዳ «መሬት ይዞ ነው የሚሄደው፣ ይሰማኛል» ይላል። እውነት ነው?

ኪቶ ሜካኒካል፦
የሚሰማው ያወጣው ብር ነው።

እስቲ እናስላው። ክንፉ 1.2 ሜትር ስፋት በ20 ሴንቲ ይሁን። ጥሩ ቅርጽ አለው ብለንም እናድላለት፤ የመጫን ችሎታውን (በቀመሩ ኮፊሸንት የሚሉትን) 1 እንስጠው። በጅማ አየር በ60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የሚጫነው 3.5 ኪሎ ገደማ ነው። በ120 ቢነዳ አራት እጥፍ፣ 14 ኪሎ። አንድ ፈረሱላ እንኳ አልሞላም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ለማያውቅ።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። ቪትዝ የሚነዳውም የሚታጠፈውም በፊት ጎማው ነው። ክንፉ ያለው ከኋላ እግሩ ውጭ። እንግዲህ የጋሼን ጆንያ አስቡት። ከፊት ጎማው ላይ ትንሽ እየቀነሰለት ነው የሚሄደው። የፎርሙላ 1 መኪና ያለ ነዳጅ ከነሹፌሩ በ2025 ሕግ ቢያንስ 800 ኪሎ ነው፤ 47 ፈረሱላ። በከፍተኛ ፍጥነት አየሩ ብቻውን ከዚያ በላይ ይጫነዋል። ለጓደኛህ ግን ይኼን ሁሉ አትንገረው፤ ቆንጆ ከሆነ ይበቃል።

ሂርማታ፦
ነገርኩት። ሁለት ቀን ሆነው አላናገረኝም።

ቡና በቅቤ፦
«በጅማ አየር» ያልሽው ምንድነው? የእኛ አየር የተለየ ነው?

ኪቶ ሜካኒካል፦
ቀጭን ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ገደማ ሳሳ ያለ ነው። ያው ክንፍ በያው ፍጥነት ሞናኮ ላይ 100 ኪሎ ከተጫነ እዚህ 85 ነው የሚጫነው።

ፎርሙላ 1 ላይ ይኼን በግልጽ የምታየው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ሜዳው ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቡድኖቹ የሞናኮን ትልልቅ ክንፍ ገጥመው ይመጣሉ፤ የሚያገኙት ጭነት ግን የሞንዛን ያህል ነው። የሚቃወማቸው አየር ስለሌለም ቀጥታው ላይ ይበራሉ። ሚዛኑ ላይ ሲመጣ ፊቱም ኋላውም እኩል ስለሚሳሳ መቶኛው ብዙ አይለወጥም። የመኪናው ክብደት ግን አይሳሳም። ስለዚህ መኪናው ይንሸራተታል፣ ጎማና ስፕሪንግ የሚሠሩት ሥራ ይበዛል።

ጊቤ ማዶ፦
እኔ አሁንም አንድ ነገር አልገባኝም። የፊት ክንፉ ከጠቅላላው ጭነት ሩቡን ቢሰጥ ነው፣ ወይ ትንሽ ከፍ ብሎ። አብዛኛው ከወለሉ ሥር ነው ይባላል። ታዲያ ለዚህ ሩብ ነገር ይኼ ሁሉ ግርግር ምንድነው? ሕግ ሲወጣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነካው የፊት ክንፍ ነው።

ኪቶ ሜካኒካል፦
አየሩን መጀመሪያ የሚነካው እሱ ስለሆነ ነዋ። ውሃን ከምንጩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላል። የፊት ክንፍ ምንጩ ነው። እሱ ካደፈረሰው ወለሉም፣ ራዲያተሩም፣ የኋላ ክንፉም የሚጠጡት ድፍርስ ነው።

ከክንፉ ጀርባ ወዲያው ምን አለ? የሚሽከረከር ግዙፍ ጎማ። ጎማ ለአየር ጠላት ነው፤ ይበጠብጠዋል። ያ የተበጠበጠ አየር ወለሉ ሥር ከገባ ጭነት የለም። ስለዚህ የክንፉ ጫፎች ሥራ መጫን ብቻ አይደለም፤ አየሩን ጠምዝዞ ከጎማው ውጭ ማሳለፍ ነው። በ2009 ክንፉ ከ1,400 ወደ 1,800 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ጫፉ የጎማው ፊት ላይ ደረሰና መሐንዲሶቹ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ያን ጊዜ ሹፌሩ ራሱ ከመሪው ላይ ፍላፑን በዙር ሁለት ጊዜ፣ እስከ 6 ዲግሪ ማንቀሳቀስ ይፈቀድለት ነበር።

ችግሩ ያ ወደ ውጭ የተጣለው ቆሻሻ አየር ከኋላ ለሚመጣው መኪና መድረሱ ነው። የተከታዩ የፊት ክንፍ ድፍርሱን ይጠጣል። መጀመሪያ የሚያጣው ፊቱን ነው። መሪው አልታዘዝ ይላል፣ የፊት ጎማው እየተንሸራተተ ይሞቃል፣ ሹፌሩ ርቀት ጠብቆ ይከተላል፣ እኛም ዲኤስ ቤት እናንቀላፋለን። በ2019 ክንፉን ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር አስፍተው ቅርጹን ግን አቀለሉት። በ2022 ወለሉን ዋና አድርገው ሁሉንም ከሥሩ ለወጡት። ፎርሙላ 1 ራሱ ያወጣው አሐዝ እንዲህ ነው፦ የድሮው መኪና ከፊቱ ካለው 10 ሜትር ሲቀርብ ከጭነቱ 46 በመቶ ያጣ ነበር፤ አዲሱ 18 በመቶ። በኋላ ቡድኖቹ አየሩን ወደ ውጭ የሚጥሉበት ዘዴ ስላላጡ ነገሩ እንደገና እየተበላሸ መጣ። ሕግ አውጪና መሐንዲስ አይጥና ድመት ናቸው።

የጅሬን ልጅ፦
ጥያቄዬ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ስክሪን ሹት እያደረግኩ ነው።

ሂርማታ፦
ክንፉ ይተጣጠፋል እየተባለ በ2025 የተጨቃጨቁበትስ? እኔ የመሰለኝ ስለሚሰበር ነው።

ቦዬ ዳር፦
እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ለወራት ሳነብ ብቻ ነበር።

የመሰበር ጉዳይ አይደለም። መኪና ሁለት ጠባይ አለው። ቀርፋፋ ጥምዝ ላይ ፊቱ አልታጠፍ ይላል፣ ፈጣን ጥምዝ ላይ ኋላው ይሸሻል። የቀርፋፋውን ለማዳን የፊት ክንፍ ብትጨምር በፈጣኑ ትሞታለህ። የፈጣኑን ለማዳን ብትቀንስ በቀርፋፋው መሪው ይደርቅብሃል። በአንድ መፍቻ ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም።

አሁን ክንፉ ከካርቦን ሲሠራ ፍጥነት ሲጨምር ብቻ ወደ ኋላ ጋደም እንዲል አድርገህ ብትሠራውስ? በቀርፋፋው ቀጥ ብሎ ይጫናል። በፈጣኑ አየሩ ራሱ ያጋድመዋል፣ የፊቱ ድርሻ ይቀንሳል፣ ኋላው ይረጋጋል። መፍቻ የያዘ ሰው በየጥምዙ የቆመልህ ያህል ነው። የሚንቀሳቀስ የፊት ክንፍ ግን ክልክል ነበር። ፍጹም የማይተጣጠፍ ነገር ደግሞ በዓለም የለም። ስለዚህ ክንፉ ላይ 100 ኪሎ ጭነው ምን ያህል እንደሚወርድ ይለካሉ። የተፈቀደው 15 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ2025 የስፔን ውድድር ጀምሮ 10 አደረጉት።

እኔ በግሌ ማጭበርበር አልለውም። ብልጠት ነው። ተቃውሞ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ጊቤ ማዶ፦
ተቃውሞ አለኝ። ክልክል ነገር በጓሮ በር ሲገባ ብልጠት የምትሉት ነገር አይገባኝም። ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ የቡና ነጋዴም ብልጥ ነው እንግዲህ።

ቦዬ ዳር፦
ነጋዴው ገበሬውን ይጎዳል። እነዚህ የሚጎዱት ሌላ ባለ ሚሊዮን ዶላር ቡድን ነው።

ጊቤ ማዶ፦
ጣት ጣት ነው።

የድሮ ሹፌር፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እንዲህ ሁሉ ነገር በዚያ ክንፍ ላይ ከተንጠለጠለ፣ በፍጥነት ላይ እያለ ቢገነጠልስ?

ቦዬ ዳር፦
ጋሼ፣ ሆኗል። ሚያዝያ 30 ቀን 1994 በፈረንጆቹ፣ ኢሞላ የሚባለው የጣሊያን ሜዳ ላይ። ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ለሰዓት ሙከራ እየነዳ ነበር። ቀደም ባለው ዙር ከመንገድ ወጣ ብሎ ሲመለስ የፊት ክንፉ ተጎድቶበታል። በሚቀጥለው ዙር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ክንፉ ተገነጠለና መኪናው ሥር ገባ። መሪው ምንም ሊያደርግለት አልቻለም፤ ግድግዳውን መታ። ሞተ። በማግስቱ እዚያው ሜዳ ላይ ዝነኛው ሹፌር አይርተን ሴና ስለሞተ ዓለም የሚያስታውሰው ሴናን ነው። እኔ ግን የፊት ክንፍ ሲነሳ ራትዘንበርገር ነው የሚመጣብኝ።

ሌላው በ1999 «ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ የሆነው ነው። የመርሴዲስ መኪኖች ፊታቸው ረጅም ነበር፣ ከፊት እግራቸው ብዙ ቀድሞ የወጣ። ኮረብታ ነገር ሲወጡ፣ ከፊታቸው ሌላ መኪና አየሩን ሲወስድባቸው፣ ፊታቸው ቀለለ። አየር ከሥር ገባና እንደ ወረቀት ገለበጣቸው። ማርክ ዌበር ከውድድሩ በፊት ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። በውድድሩ ቀን ፒተር ደምብሬክ አጥሩን አልፎ ዛፍ መሃል ገባ። የሞተ የለም፤ ተአምር ነው። ቡድኑም ያኔውኑ ወጣ።

የድሮ ሹፌር፦
ነፍስ ይማር። ልጄን እንዳትነዳ ልላት ነው።

ቡና በቅቤ፦
ነገሩ ከበደ። ባጃጅ ላይ የፊት ክንፍ ቢገጠም ምን ይሆናል?

ኪቶ ሜካኒካል፦
ትራፊክ ይይዝሃል።

የጅሬን ልጅ፦
ኪቶ፣ ይኼን ሁሉ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል? ወይስ ለላብራቶሪ ብቻ ነው?

ኪቶ ሜካኒካል፦
ሞክሬዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ዶርም ውስጥ ነው የሠራሁት።

የምትፈልገው ፋን፣ ካርቶን፣ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ እጣን፣ እና ብዙ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ነው። ስትሮው የሚያስፈልገው የፋን አየር እየተጠማዘዘ ስለሚመጣ ነው። ስትሮዎቹን እንደ ማር እንጀራ ደርድረህ በካርቶን ፍሬም አጣብቃቸው፤ አየሩ በእነሱ ሲያልፍ ቀጥ ይላል። ክንፉን ከካርቶን 30 በ10 ሴንቲ ቁረጠው፣ ሆዱ ወደ መሬት እንዲሆን አጉብጠው፣ በሁለት ሽቦ ሚዛኑ ላይ አቁመው። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ፋን ካለህ ቢበዛ 40 ግራም የማይሞላ ነገር ነው የምታገኘው። ለወጥ ቤት ሚዛን ግን በቂ ነው። ቁጥሩ እየዘለለ ያናድድሃል፣ ታገሥ።

መጀመሪያ ጋድሞሹን ለውጥ። ቀና ስታደርገው ግራሙ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይወድቃል። እጣኑን አምጥተህ ከሥሩ አጭሰው። ጢሱ ክንፉን ተለጥፎ መሄድ ትቶ ሲበታተን ታየዋለህ። አየሩ ለቀቀው ማለት ነው። ሹፌሩም የሚፈራው ይኼንኑ ነው፤ ክንፉ ቀስ ብሎ አይደክምም፣ ድንገት ነው የሚከዳው።

ቀጥለህ ከሥሩ ሰፊ ካርቶን እንደ መንገድ አድርግና ርቀቱን አጥብብ። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ክንፉ ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ጭነቱ ይጨምራል፤ በጠባቧ ክፍተት አየሩ ይሮጣልና። ግን በጣም ሲጠጋ አየሩ ታንቆ ማለፍ ያቅተዋል፤ ጭነቱ ተመልሶ ይወርዳል። እውነተኛው መኪና ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ይወርዳል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ይነሳል። ስለዚህ ሚዛኑ በእያንዳንዱ ፍሬን ይለዋወጣል። መሐንዲሶቹ እንቅልፍ የሚያጡት በዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያንተ መንገድ የቆመ ነው፣ እውነተኛው ግን በመኪናው ሥር ይሮጣል። የቆመ መንገድ አየሩን ይጎትተዋል፣ ውጤቱም ይዛባል። ቡድኖቹ በንፋስ ዋሻቸው (የመኪና ሞዴል ላይ አየር እየነፉ በሚሞክሩበት ክፍል) ውስጥ የሚሮጥ ቀበቶ የሚዘረጉት ለዚህ ነው። ለእነሱም ገደብ አለባቸው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 60 በመቶ አይበልጥም፣ አየሩ በሴኮንድ ከ50 ሜትር አያልፍም።

ትርፍ ጨዋታ ከፈለግህ፣ ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት ካርቶን ቀጥ አድርገህ ለጥፍ። ዳን ገርኒ የሚባል አሜሪካዊ በ1971 ያመጣት ናት፤ ገርኒ ፍላፕ ይሏታል። ሚዛኑ ላይ የምታመጣውን ለውጥ ስታይ ስድብ ነው የሚያመልጥህ።

ቦዬ ዳር፦
እጣን በዶርም? ፕሮክተሯ ምን አለች?

ኪቶ ሜካኒካል፦
ጸሎት መስሏት ወጣች።

ሂርማታ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። በ2026 ክንፉ በሕግ ይንቀሳቀሳል ተባለ። እስከ 2025 ቀጥታ መንገድ ላይ የኋላው ብቻ ነበር የሚከፈተው። የፊቱን ለምን ጨመሩ?

ቦዬ ዳር፦
ከዚህ ክር በኋላማ አንተ ራስህ ትመልሰዋለህ። የኋላውን ብቻ ስትከፍት ከኋላ ጭነት ይጠፋል፣ ሚዛኑ ወደ ፊት ይነጉዳል። ለዚህ ነው የድሮው ቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ ይፈቀድ የነበረው፣ ፍሬን ሲነካም ወዲያው የሚዘጋው። አዲሱ የፊቱንም የኋላውንም አብሮ ያጋድማል፤ ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ሚዛኑ ብዙ ሳይናጋ። ጥምዝ ሲመጣ ሁለቱም ይዘጋሉ።

ጊቤ ማዶ፦
አያችሁ? በፊት በር ሲገባ ማንም አይጮህም።

የድሮ ሹፌር፦
ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አይሱዙ ሲያስጭን ደረስኩ። ጆንያውን ጭራው ላይ ሲቆልሉ አየሁና «የግፊት ማዕከሉ ወደ ኋላ ሸሽቷል» አልኳቸው። ጫኞቹ ተያዩ። አንዱ «ጋሼ ምን ነካቸው» ሲል ሰማሁት። ግን ወደ ፊት አዛወሩት። ኪቶ ልጄ፣ ገለቶማ።

ኪቶ ሜካኒካል፦
ጋሼ ዲግሪው ይገባዎታል 😂

የጅሬን ልጅ፦
እኔ ፋን አገኘሁ፣ ካርቶን አለ። ቅዳሜ እሞክራለሁ። ሚዛኑ ግን የእናቴ ነው፤ ማር የምትመዝንበት። ስትሮው ስንት ያስፈልጋል?

ኪቶ ሜካኒካል፦
አምስት መቶ ግዛ፣ ግማሹን ታበላሻለህ። ሚዛኑን ግን አስፈቅደህ ውሰድ፤ ማር የነካውም ከሆነ መጀመሪያ እጠበው፣ አለዚያ ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስልህም።

ቡና በቅቤ፦
እኔም ልምጣ? እጣኑን እኔ እይዛለሁ።